የተወለወለ መብራት ስንት ክረምት ይከርማል?

ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን፣ ልደታ ማርያምን ሊሳለም የመጣው ሕዝብ ከግቢው እስኪወጣ መኪኖቹ ከአጥሩ ማዶ ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቃሉ። ሥራው መብራት መወልወል የሆነ ሰው በዚህ ሰልፍ ፊት ሲያልፍ ታርጋ አያይም፣ ሞዴልም አይቆጥርም። ዓይኑ መብራቶቹ ላይ ነው። የአንዱ ቪትዝ መብራት ግራም ቀኝም የሻይ ቀለም ይዟል። የያሪሱ የላይኛው ግማሽ ነጥቶ የታችኛው ገና ጥርት እንዳለ ነው። ኮሮላው ተወልውሏል፣ ግን በጥድፊያ፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ጭረት ፀሐይ ሲያርፍበት ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። ከመሐላቸው የቆመች አንዲት አሮጌ ላዳ ብትኖር ግን፣ አካሏ ዝጎ፣ ቀለሟ ተላልጦም ቢሆን መብራቷ የጠራ ነው። የላዳ መብራት ፊቱ መስታወት ነው። የሌሎቹ ፕላስቲክ ነው።

ልደታ ለዚህ ሥራ የሚያመች ሰፈር ነው። ፍርድ ቤቱ አለ፤ ቀጠሮ ያለበት ሰው መኪናውን አቁሞ ችሎት ይገባል፣ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጥሮ ሲመለስ ቢያንስ መብራቱ አልቆ ይጠብቀዋል። ሜክሲኮ ቅርብ ነው። ሶማሌ ተራም ሩቅ አይደለም፤ ያገለገለ መብራት ዋጋ ጠይቆ የደነገጠ ሰው ተመልሶ «እስቲ ወልውልልኝ» የሚለው እዚህ ነው። የባቡሩ ድልድይ ደግሞ ጥላ ይሰጣል። ለሥራው ብዙ ዕቃ አያስፈልግም፤ አንድ ባልዲ ውሃ፣ በቁጥር የተለየ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፕላስተር፣ ፖሊሽ፣ የተጣጠፈ ጨርቅ፣ ካለም በባትሪ የሚሠራ ድሪል በቂ ነው።

ስለዚህ ሥራው ቀላል ይመስላል፣ እውነትም ግማሹ ቀላል ነው። ክንዱን የማይሰስት ማንም ሰው የደበዘዘ መብራት ማጥራት ይችላል። ከባዱ ደንበኛው የሚከፍልበትና መብራቱን የሚያቆየው አንድ አለመሆናቸው ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ዛሬ በዓይኑ ለሚያየው ጥራት ነው። ከርሞ መብራቱ መልሶ ቢጫ እንዳይሆን የሚያደርገው ግን ከውልወላው በኋላ የሚቀባው፣ በዓይን የማይታየው ስስ ሽፋን ነው። የዚህ ሙያ ጠብ፣ ድርድርና ቅያሜ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ፕላስቲኩ ፖሊካርቦኔት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1953 ሁለት ኬሚስቶች፣ በጀርመኑ ባየር ኩባንያ ሄርማን ሽኔል፣ በአሜሪካው ጀነራል ኤሌክትሪክ ደግሞ ዳንኤል ፎክስ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ በአንድ ዓመት አገኙት። ሲመታ እንደ መስታወት አይሰባበርም፣ ክብደቱም ከመስታወት በግማሽ ያህል ያንሳል። ይሁንና የመኪና የፊት መብራት ላይ ለመውጣት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ጠበቀ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ሕጉ የሚፈቅደው አንድ ወጥ ሆኖ የታሸገ የመስታወት መብራት ብቻ ነበር፤ ሲቃጠል ሙሉው ተነቅሎ ይጣላል፣ አዲስ ይገባል። ዕድሜ ጠገቡ ዲኤክስ ኮሮላ ላይ የምናውቀው መብራትም የዚሁ የመስታወት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ አምፖሉ ብቻ የሚቀየርበትን ባለ ፕላስቲክ ፊት መብራት ፈቀደች፣ በ1984 ሊንከን ማርክ ሰባት ይዞት ወጣ። ከዚያ በኋላ የመኪና ንድፍ አውጪዎች መብራቱን እንደ ልባቸው አጎበጡት፣ ወደ ኮፈኑ ዘረጉት፣ ወደ ፓራፋንጎው አጠፉት። ለመልክም ለነፋስ መቋቋምም ጥሩ ሆነ። የያሪሱ የላይኛው ግማሽ ብቻ የነጣውም በዚሁ ጠንቅ ነው። ወደ ሰማይ የተንጋለለው ክፍል ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይቀበላል፣ ቁልቁል የሚያየው ያመልጣል።

ፖሊካርቦኔት የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር አይወድም። ጨረሩ የፕላስቲኩን ሰንሰለት ከላይኛው ገጽ ጀምሮ ይበጣጥሰዋል፣ የተበጠሰውም መልሶ ሲያያዝ ቢጫ ቀለም ያለው ውህድ ይሆናል። ከዚያ አየሩ፣ ዝናቡና አሸዋው ገጹን በጥቃቅን ስንጥቅ ይሞሉታል፤ ንጣቱ የሚመጣው በእነዚህ ስንጥቆች ነው። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ መብራቱን ሲሠራ ውፍረቱ በማይክሮን የሚለካ ጠንካራ ሽፋን ይቀባዋል። ሽፋኑ ጨረሩን እየመጠጠ ፕላስቲኩን ይጋርዳል፣ ራሱ ግን እያለቀ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየ1,000 ሜትር ከፍታው የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከምድር ወገብም ሩቅ አይደለችም፤ በሚያዝያና በነሐሴ የቀትር ፀሐይ በአናታችን ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን አይሰማንም። ኅዳር ላይ ሹራብ ለብሰን ጥላ የማንፈልግ ሰዎች፣ ጨረሩ ጅቡቲ ላይ ካለው ያንሳል ብለን እናስባለን። መኪናው ግን ሹራብ የለውም። ቤት ውስጥ ጋራዥ ያለው ጥቂት ነው፤ የኮንዶሚኒየም ነዋሪው ግቢ ውስጥ በግልጥ ያቆማል፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ከጠዋት እስከ ማታ ፊቱን ለአንድ አቅጣጫ ሰጥቶ ይውላል። አንዱ መብራት ከሌላው በጣም የከፋ መኪና ሲመጣ የት እንደሚያቆሙት መጠየቅ ነው፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ አለ።

የድርድሩ አጀማመር ሁሌም አንድ ዓይነት ነው።

«ስንት ትሠራልኛለህ?» ይላል ሹፌሩ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ ክርኑን በመስኮቱ አውጥቶ።

«ይውረዱና እንየው፣ ጋሼ።»

«ምኑን ታየዋለህ? ደብዝዟል፤ ወልውለው።»

ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት የውሃ ላስቲኩን አንሥቶ መብራቱ ላይ ያፈሳል። ይህ ምርመራ ገንዘብ አያስወጣም፣ አይዋሽምም። ውሃው እየወረደ ሳለ መብራቱ ለአፍታ ጥርት ካለ ጉዳቱ የውጪው ገጽ ላይ ነው፤ ውሃው ስንጥቁን ሞልቶ ብርሃን እንዳይበተን አደረገው፣ በብርጭቆ ወረቀትም ይለቃል ማለት ነው። ውሃ ወርዶበትም ደብዝዞ ከቀረ ችግሩ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ውጪውን ሲፈትጉ መዋል ድካም ብቻ ነው፣ ለደንበኛውም ቀድሞ መንገር ይገባል። በነገራችን ላይ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ አይጎዳም። በዘይት ወይም በላምባ የታሸ መብራትም በዚሁ ዘዴ ለጥቂት ቀን ይጠራል፤ ሻጩ የሚፈልገው ደግሞ ጥቂት ቀን ነው።

«ከዚህ በፊት አስወልውለውት ያውቃሉ?»

«አምና አሠርቼው ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ይኸው ተመለሰ።»

«በምን ሸፈኑልዎት?»

ደንበኛው ጥያቄው አይገባውም። አምና የሠራለት ልጅ ቢጫውን ፍቆ፣ በፖሊሽ አብርቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ሸኝቶታል። ሲፈቀፈቅ ግን ከቢጫው ጋር የፋብሪካው ሽፋን ትራፊም አብሮ ሄዷል። መብራቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ራቁቱን ፀሐይ ላይ ቆመ፤ መጀመሪያ ዓመታት የፈጀበት ቢጫነት አሁን በጥቂት ወራት ተመለሰ። ደንበኛው ተታልያለሁ ይላል። ልጁ ደግሞ አላታለለም፤ ወልውል ተባለ፣ ወለወለ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ጉዳዩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው።

ፍተጋው የራሱ ሥርዓት አለው። መብራቱ በሳሙና ይታጠባል፤ አቧራው ካልለቀቀ እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ብርጭቆ ወረቀቱ ሥር ገብታ ትቧጥጣለች። ዙሪያው በፕላስተር ይሸፈናል። በተለይ የኮፈኑ ጠርዝ ካልተሸፈነ ከመብራቱ የከፋ የቀለም ጠብ ይመጣል። ከዚያ ውሃ እያጠጡ ከሻካራው ወደ ልስላሴው መሄድ ነው፤ ጉዳቱ የከፋ ከሆነ ከ600 ወይም ከ800 ቁጥር ተነሥቶ 1,000፣ 1,500፣ 2,000፣ ቢገኝ 3,000። እያንዳንዱ ቁጥር ያለፈውን ቁጥር ጭረት ማጥፋት አለበት። በመሐል አንዱን የዘለለ ሰው ጥፋቱን ወዲያው አያየውም፤ መብራቱ እርጥብ ሳለ የጠራ ይመስለዋል። ሲደርቅ ነው ጭረቱ ብቅ የሚለው፣ ያን ጊዜ ደግሞ ደንበኛው አጠገቡ ቆሟል። ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር ነው። ያ የኮሮላው ክብ ክብ ጭረት ከመዝለል የመጣ ነው።

ድሪል ሥራውን ያፋጥናል፣ ያበላሻልም። ፖሊካርቦኔት 147 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ በፍጥነት የሚሽከረከር ደረቅ ስፖንጅ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ከቆየ ሙቀቱ ገጹን ያቀልጠዋል። የቀለጠው ቦታ እንደ ሞገድ ይሆናል፣ በየትኛውም ፖሊሽ አይመለስም። በእጅ የሚሠራ ሰው ቢያንስ ከዚህ ይድናል።

ሁሉም ቤት የሚያውቀው አቋራጭ ኮልጌት ነው። ይሠራል? ትንሽ ይሠራል። የጥርስ ሳሙና ውስጥ የደቀቀ መፋቂያ አለ፤ ቀላል ጭጋግ ያነሣል። የጠነከረውን ቢጫ ግን አይነካውም፣ ሽፋንም አይተውም፤ ለሁለት ሳምንት ደስታ ካልሆነ በቀር ጥርስ ላይ ቢውል ይሻለዋል። ከኮልጌቱ የሚከፋው ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን ነው። በጨርቅ ነክሮ ያሸው ሰው መጀመሪያ ቢጫው ሲለቅ ያያል፣ ደስ ይለዋል። ፈሳሹ ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ያለውን ውጥረት ያገኘዋል፤ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ የዘለቀ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል። ያ መብራት ከዚያ በኋላ ለሙያተኛ አይደለም፣ ለቆሻሻ ነው።

ከቻይና በሚመጡ ዕቃዎች መሐል ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ፣ ጫፉ ላይ ቱቦ ያለው ትንሽ ኩባያ አለ። ውስጡ የሚገባው ፈሳሽ ብዙ ጊዜ ክሎሮፎርም ወይም ዳይክሎሮሜቴን ነው። እንፋሎቱ የተፈተገውን ገጽ በስሱ አሟሙቶ ያስተካክለዋል፤ በቪዲዮ ሲታይ ከነጭ ወደ ጥርት የሚለወጠው በሰከንዶች ነው፣ ደንበኛውም አፉን ይከፍታል። ዳይክሎሮሜቴን ሲተነፈስ በሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2024 አብዛኛውን አጠቃቀሙን የሚያግድ ደንብ አውጥቷል። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ኩባያው ላይ ደፍቶ ለሚሠራ ልጅ፣ በግማሽ በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ከሆነ ደግሞ፣ አደጋው ቀልድ አይደለም። እንፋሎቱም ቢሆን ያለሰልሳል እንጂ ጨረር አይጋርድም። የሚያዋጣ አይመስለኝም።

የሚያዋጣው አሰልቺው መንገድ ነው፤ ከፍተጋው በኋላ ጨረር የሚከላከል ጥርት ያለ ሽፋን መንፋት። ልደታ መንገድ ዳር ላይ ይህን ማድረግ ግን ከሚወራው በላይ አስቸጋሪ ነው። ጥሩው ሽፋን ከማጠንከሪያው ጋር የሚደባለቅ ነው። ከተደባለቀ በኋላ ዕድሜው የሰዓታት ብቻ ስለሆነ ለአንድ መኪና የተከፈተው ሌላ ደንበኛ ካልመጣ ይባክናል። ማጠንከሪያው ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ተገቢ የፊት መከላከያ ይፈልጋል፤ በነጠላ ጨርቅ አፍን መሸፈን አይበቃም። በበጋ ሽፋኑ ሳይደርቅ አቧራ ይለጠፍበታል፣ አንድ ሚኒባስ በቅርብ ካለፈ ሥራው ተበላሸ። በክረምት ደግሞ እርጥበቱ ሽፋኑን ነጭ ያደርገዋል፤ ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ የተነፋ ሽፋን እያዩት ይደበዝዛል። ለመኪና አካል የሚነፋውን ጥርት ያለ ቀለም ተጠቅሞ ለመገላገል የሚሞክርም አለ። ቲነሩ ለፕላስቲኩ ካልተስማማ ያው የሸረሪት ድር ይመጣል፤ ቢስማማም ገጹ በደንብ ካልተዘጋጀ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ቆዳ ይላጣል። የተላጠን ሽፋን ማንሣት ቢጫን ከማንሣት ይብሳል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ደንበኛው ግን የለውም።

«ሌላው እኮ በሃያ ደቂቃ ነው የሚሠራው!»

«ልክ ነው፣ ጋሼ። እኔም በሃያ ደቂቃ አጠራዋለሁ። ሽፋኑ እስኪደርቅ ግን መኪናውን ማንቀሳቀስ የለብዎትም።»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጆች የሚሸነፉት። የሽፋኑን ዋጋ ጨምሮ የጠራ ሰው ውድ ተብሎ ይታለፋል፤ ርካሹ ሲያሸንፍ ሁሉም ርካሽ ይሠራል። እኔ ባለሙያ ብሆን ውልወላውንና ሽፋኑን ሁለት የተለያየ ዋጋ አድርጌ እጠራ ነበር፤ «ይህ ማጥሪያ ነው፣ ይህ ማቆያ ነው፣ ማቆያውን ካልፈለጉ መልሶ ቢጫ ሲሆን አይውቀሱኝ» ብዬ። ሽፋን መንፋት የማይችልም ይህንኑ በግልጽ ቢናገርና ጨረር የሚከላከል ሰም በየወሩ እንዲቀባ ቢመክር ከጠብ ይድናል። ብልሆቹ ሌላም ዘዴ አላቸው። ከመጀመራቸው በፊት መብራቱን በስልክ ያነሡታል፤ ስንጥቅ ካለ፣ ውስጡ ውሃ ካቋጠረ፣ ማያያዣው ከተሰበረ ያሳዩታል። ያለዚያ የአሥር ዓመት ስንጥቅ በሠራተኛው ስም ይመዘገባል።

ሊሠራ የማይችለውን መለየትም የሙያው አካል ነው። ውስጡ እርጥበት ያቋጠረ መብራት ማሸጊያው ለቋል፤ ተነቅሎ፣ በሙቀት ተከፍቶ፣ ታጥቦና ደርቆ እንደገና መታሸግ አለበት፣ ይህም የመንገድ ዳር ሥራ አይደለም። ከዚያ የሚከፋው የውስጠኛው አንጸባራቂ መስተዋት መቃጠል ነው። የፋብሪካው ኤች4 አምፖል 60 እና 55 ዋት ነው፤ «የተሻለ ያበራል» ተብሎ 100 ዋት የገባበት መብራት ውስጡ በሙቀት ይጠቁራል። አንጸባራቂው በጣም የሳሳ የአልሙኒየም ሽፋን ስለሆነ በጨርቅ ልጥረገው ያለ ሰው ሽፋኑን አብሮ ይጠርገዋል። እንዲህ ያለ መኪና ፊቱ ተወልውሎ መስታወት ቢመስልም ማታ መንገድ አያሳይም። ባለቤቱ ደግሞ ብርሃኑ ያነሰው በውልወላው ይመስለዋል።

ማታ ነው ዋናው ጉዳይ፤ ግን ብዙው ደንበኛ የሚመጣው ለመልክ ነው። መኪናው ሊሸጥ ነው፣ ሠርግ ሊያጅብ ነው፣ ወይም የዓመት ምርመራው ደርሶ ቦሎ ሊወስድ ነው። ከተማው ውስጥ የኮሪደር ልማቱ ያለፈባቸው መንገዶች በመንገድ መብራት ስለደመቁ የራሱ መብራት መድከሙን ሹፌሩ አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ቀን ከደብረ ብርሃን ሲመለስ ሲመሽበት ነው፣ ወይም ከዋናው መንገድ ታጥፎ ወደ ጨለማው ውስጥ ለውስጥ ሲገባ። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ የደበዘዙና ቢጫ የሆኑ መብራቶች ከአዲስ መብራት ብርሃን 20 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር የሚሰጡት። ውልወላ ወደ 70 በመቶ መለሰው። በሌላ አምራች የተሠራ ምትክ መብራት ከ83 እስከ 90 በመቶ ሰጠ፣ ሙሉውን የመለሰው ኦሪጅናሉ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን ለሚያውቅ፣ የ20 እና የ70 ልዩነት የመልክ ጉዳይ አይደለም።

ያው ጥናት አንድ ሌላ ነገር አግኝቷል፣ ስለ እሱ ግን ወልዋዮቹ ብዙ አያወሩም። የተወለወሉት መብራቶች ብርሃናቸው ቢጨምርም ለተቃራኒው ሹፌር ዓይን ከሚፈቀደው በላይ የሚያንጸባርቅ ብርሃን ይበትኑ ነበር። ገጹ በዓይን ቢጠራም ጥቃቅን ጭረት ስለሚቀረው ነው። በላዩ ላይ ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል የገባበት ከሆነ ውጤቱን ሁላችንም ቀለበት መንገድ ላይ እናውቀዋለን። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ መኪናውን ከግድግዳ ፊት አቁሞ አጭሩንና ረጅሙን መብራት እያበሩ የግራና የቀኙን ብርሃን ማስተያየት ይገባል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ሥራው የሚሠራው በቀን ስለሆነ ግን ይዘለላል።

«ታዲያ ለምን አዲስ አይገዛም?» ማለት ቀላል ነው። ያገለገሉ መኪኖችን በከባድ ታክስ የመታው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ አሮጌውን በአሮጌ መተካት ውድ ሆኗል። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ሄደ። እንግዲህ መንገድ ላይ ያለው ቪትዝና ኮሮላ እዚሁ ያረጃል፣ መብራቱም አብሮት። ሶማሌ ተራ የሚገኘው ኦሪጅናል ያገለገለ መብራት ብዙ ጊዜ ራሱ ቢጫ ነው፤ ገዝቶ ማስወልወል የግድ ይሆናል። አዲሱ ርካሽ ምትክ ይጠራል፣ ግን ማያያዣው ከፓራፋንጎው ጋር ላይገጥም፣ ብርሃኑም ወደ ዛፍ ሊያይ ይችላል። ኦሪጅናሉ መብራት ውስጡ ጤነኛ ከሆነ፣ በአግባቡ ተፈትጎ በአግባቡ የተሸፈነው አሮጌ፣ በእኔ ሚዛን፣ ከርካሹ አዲስ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ መኪኖቹ መጥተዋል፣ ልደታም ቆመው ይታያሉ። ነዳጅ አይፈልጉም፣ ዘይት አይቀይሩም። መብራታቸው ግን ፊቱ ያው ፖሊካርቦኔት ነው፣ ከላይ ያለው ሽፋንም ያው በማይክሮን የሚለካ ነው፣ የሚቆሙትም ያው ፀሐይ ላይ ነው። አምፖሉ ለብቻው የማይወጣ ኤልኢዲ ስለሆነ ውስጡ ከተበላሸ የሚቀየረው ሙሉ መብራቱ ነው፤ አንዳንዱ ሞዴል ላይ ከግራ እስከ ቀኝ የተዘረጋ አንድ ወጥ መብራት አለ። ባለቤቶቹ ገና አዲስ ስለሆነ ስለ ቢጫ አያስቡም። ሽፋኑ ሳያልቅ ጥርት ያለ መከላከያ ፕላስቲክ የሚለጥፍላቸው ሰው ቢያገኙ ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ላያስፈልጋቸው ይችላል። ልደታ ካሉት ልጆች ይህን ሥራ መጀመሪያ የሚይዘው በክረምት የማይፈታ ገበያ ያገኛል፤ መለጠፍ ጥላና ንጹሕ ውሃ እንጂ የሚያደርቅ ፀሐይ አይጠብቅም።